ታራንቱላ አልበላም ስትል ምን ይደረግ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያሳድጉ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ታራንቱላዬ መብላት ካቆመች ሰንብታለች፤ ፌንጣ ባቀርብላትም ትሸሸዋለች፤ ምን ላድርግላት?» የሚለው ጥያቄ ታራንቱላ የተባለችውን ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት ከሚያሳድጉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይደርሰኛል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ይበዛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሱሉልታ፣ የለገጣፎ፣ የቡራዩና የሰበታ ነዋሪዎች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ በደረጃ 5 ላይ ተብራርቷል። መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከመደጋገም ይልቅ ሥራውን በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

ያደገች ታራንቱላ ጤንነቷ ሳይጓደል ለወራት ሳትበላ መቆየት ትችላለች። «የቺሊ ሮዝ» በሚል ስም የምትታወቀው ዝርያ ከአንድ ዓመት በላይ ሳትበላ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ መብላት የምትጀምርበት ጊዜ አለ። ያለ ውሃ ግን እንዲህ ልትቆይ አትችልም። ስለዚህ ሥራው ምግብ እየለዋወጡ በማቅረብ ሳይሆን በመጀመሪያ አቋሟን፣ ከዚያም ውሃዋን፣ ሆዷንና የክፍሉን ሙቀት በመመርመር ይጀምራል። ምግብ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የቀኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር። ሌላው ሁሉ በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ሊተካ ይችላል፤ ይህ ግን መገዛት አለበት።
- ጫፉ ደነዝ የሆነና ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወረንጦ፣ እንዲሁም ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ።
- አፈ ሰፊ የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያና አንድ ጠንካራ ካርቶን፤ ሸረሪቷን ሳይነኩ ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር ይጠቅማሉ።
- ዝቅ ያለ የውሃ ማስቀመጫ። ለትንሽ ሸረሪት የሃይላንድ ክዳን ይበቃል።
- መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም የመድኃኒት ማንጠብጠቢያ።
- ሳጥኑን ከነክዳኑ የሚያስገባ ትልቅ ካርቶን፣ ቁራጭ ፎም ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ባዶ ሃይላንዶች።
- የእጅ ባትሪ፤ ብርሃኑን ለማደብዘዝ በቀይ ላስቲክ ቢሸፈን ይመረጣል።
- የመመዝገቢያ ደብተር።

ከመጀመርዎ በፊት የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች

የደቡብና የሰሜን አሜሪካ ታራንቱላዎች በአብዛኛው በሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጥቃቅን ጸጉር አላቸው፤ ሲደናገጡ በኋላ እግራቸው ፍቀው ይበትኑታል። ጸጉሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ፊትዎን ወደ ሳጥኑ አያስጠጉ፣ በሳጥኑም ውስጥ እፍ አይበሉ፤ ሥራዎን እንደ ጨረሱ ዓይንዎን ሳይነኩ እጅዎን ይታጠቡ። ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ሳያሹ በብዙ ውሃ ታጥበው ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። የአፍሪካና የእስያ ዝርያዎች ይህ ጸጉር የላቸውም፤ በምትኩ ፈጣኖችና ለመናከስ የሚቸኩሉ ናቸው፤ ንክሻቸውም ብርቱ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። ስለዚህ የትኛዋም ዝርያ ብትሆን በእጅዎ አይያዟት። ልጆች ባሉበት ቤት ክዳኑ በመቆለፊያ ወይም በጠንካራ ማሰሪያ ይዘጋ።

ደረጃ 1፦ አቋሟን ይመልከቱ

ሳጥኑን ሳይከፍቱና ሳያንቀሳቅሱ ሸረሪቷ እንዴት እንደ ሆነች ይመልከቱ፤ ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ በዚህ ይወሰናል።

በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሮቿ ወደ ላይ ሆነው ካገኟት ቆዳዋን እየለወጠች ነው። አይገልብጧት፣ አይንኳት፣ ውሃም አይርጩባት፤ ሳጥኑ የቆመበትን ጠረጴዛ እንኳ አይነቅንቁ። ብዙ አዳዲስ አሳዳጊዎች የሞተች መስሏቸው ገልብጠው የሚጎዷት በዚህ ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ አዲሱ ቆዳዋ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ግፊት እግሯን ሊያጣምም ወይም ሆዷን ሊቀድ ይችላል። ሥራው በትንንሾቹ በደቂቃዎች፣ በትልልቆቹ ደግሞ በብዙ ሰዓታት ያልቃል።

በሆዷ በኩል እንደ ተቀመጠች እግሮቿን ሁሉ ከሥሯ ሰብስባና ቆልምማ ካገኟት ግን ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ሲሆን የምትዘረጋው በሰውነቷ ውስጥ ባለው የፈሳሽ ግፊት ነው፤ ፈሳሹ ሲያንስ እግሮቿ መዘርጋት ያቅታቸዋል። ሳይዘገዩ ወደ ደረጃ 2 ይለፉ። በተለመደው አቋሟ፣ እግሮቿን ዘርግታ የቆመች ከሆነች የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ ቀሪዎቹን ደረጃዎች ተረጋግተው ይከተሉ።

ደረጃ 2፦ ውሃ ያቅርቡ

የውሃ ማስቀመጫውን አጥበው ንጹሕ ውሃ ይሙሉበት። የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን አጠራቅመው የሚጠቀሙ ከሆነ ጀሪካኑ ቀድሞ በረኪና፣ ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት ያልነበረበት መሆኑን ያረጋግጡ። በማስቀመጫው ውስጥ ስፖንጅ ወይም ጥጥ አያድርጉ፤ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ሸረሪቷም ውሃውን ከስፖንጁ ለመምጠጥ ትቸገራለች። ለሕፃን ሸረሪት በሳጥኑ አንድ ጎን ያለውን አፈር በማንጠብጠቢያ ያርጥቡ፤ በግድግዳው ላይም ጥቂት ጠብታ ይተዉ።

እግሮቿ ከተቆለመሙ በኩባያው ቀስ ብለው ያንሷትና የፊት ክፍሏ ብቻ ዝቅ ባለው ውሃ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ያስቀምጧት። አፏ ከፊት በኩል በታች ስለሚገኝ ውሃውን የምታገኘው እንዲህ ስትሆን ነው። ሆዷ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ መተንፈሻዋ በሆዷ ሥር ስለሆነ ልትታፈን ትችላለች። ክፍሉን ሞቅ አድርገው ለብዙ ሰዓታት ይተዉአት። ውሃ ማነስ ብቻ ከነበረ እግሮቿ ቀስ በቀስ ሲዘረጉ ያያሉ።

ደረጃ 3፦ የሆዷን መጠን ይገምግሙ

ከላይ ሆነው የኋላ ሆዷን ከፊት ክፍሏ፣ ማለትም እግሮቿ ከበቀሉበት ጠንካራ ክፍል ጋር ያስተያዩ።

- ሆዷ ከፊት ክፍሏ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ጠግባለች ማለት ነው። የማትበላው ስለማያስፈልጋት ነው፤ ውሃዋን እየለወጡ ይጠብቁ። በየሁለት ቀኑ ስትቀለብ የቆየች ሸረሪት መጨረሻዋ ይኸው ነው፤ የተወጠረ ሆድ ደግሞ ከትንሽ ከፍታ ብትወድቅ እንኳ የመቀደድ አደጋ አለው።
- ሁለቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆኑ ደኅና ነች፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ።
- ሆዷ ከፊት ክፍሏ አንሶ ከተጨማደደ በመጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያም ሙቀት፣ በመጨረሻም ትንሽና ለስላሳ ምግብ ያስፈልጋታል።

ሆዷ ሳይቀንስ ያለፈ ጾም፣ ስንት ወር ቢሆን፣ አያስጨንቅም። በቀናት ብዛት ሳይሆን በሆዷ መጠን እንዲፈርዱ የምመክረው ለዚህ ነው። ሕፃናቱ ግን ስንቃቸው ትንሽ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ሊከሱ ይችላሉ፤ እነርሱን በየሁለትና ሦስት ቀኑ መመልከት ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ቆዳ ለመለወጥ እየተዘጋጀች መሆኗን ያጣሩ

ታራንቱላ ቆዳዋን ከመለወጧ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መብላት ታቆማለች። በአሮጌው ቆዳ ሥር አዲሱ እየተሠራ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ምግብ ማቅረብ ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። የሚከተሉትን ምልክቶች ይፈልጉ፦

ቀለሟ ይደበዝዛል፤ ሆዷ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል። ጸጉሯን ፍቃ ያራገፈች የአሜሪካ ዝርያ ከሆነች በሆዷ ላይ ያለው መላጣ ቦታ ከፈዛዛ ቀለም ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የሚታየው በሥሩ የበቀለው አዲስ ጸጉር ነው። ከሁሉ ምልክት የማምነው ይህን ነው። አፍሪካዊና እስያዊ ዝርያዎች ይህ መላጣ ስለማይኖራቸው በእነርሱ ላይ በቀለሙ መደብዘዝና በባሕርይ ለውጥ ብቻ መፍረድ ግድ ይሆናል። ብዙዎቹ የጉድጓዳቸውን አፍ በአፈርና በድር ይዘጋሉ፤ የተዘጋ ጉድጓድ «አትግቡብኝ» ማለት ስለሆነ አይቆፍሩት።

ምልክቶቹን ካዩ ከሳጥኑ ውስጥ ሕያው ነፍሳትን ሁሉ ያውጡ፣ ውሃውን ይሙሉ፣ እርጥበት ለምትወድ ዝርያም የአፈሩን አንድ ጎን በመጠኑ ያርጥቡ። ቆዳዋን ከለወጠች በኋላም ወዲያውኑ አይመግቧት። ክራንቻዎቿ በመጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቀላ ያሉ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናሉ፤ ነጭ ወይም ቀይ በሆኑበት ጊዜ ገና ስላልጠነከሩ ልትነክስባቸው አትችልም። ለሕፃናቱ ከአምስት ቀን እስከ ሳምንት፣ ለትልልቆቹ ከ10 እስከ 14 ቀናት መጠበቅ ይበቃል፤ የመጨረሻው ፈራጅ ግን የክራንቻው ጥቁረት ነው።

ደረጃ 5፦ የሌሊቱን ሙቀት ይለኩ

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች «በክፍል ሙቀት ያኑሯት» የሚሉት ማሞቂያ ያለውን ቤት አስበው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታና የእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሪቱ በቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቃለች፤ የውጭው አየርም ሊነጋጋ ሲል ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በብሎኬት ተሠርቶ በቆርቆሮ የተከደነና ኮርኒስ የሌለው ክፍል ይህን ቅዝቃዜ ብዙም አይመክትም። የዚያኑ ያህል በእኩለ ቀን ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉን ያነድደዋል። ቀን ሳጥኑን በእጅዎ ዳስሰው «ሞቅ ይላል» ያሉት ሌሊቱን ስለማይነግርዎ ነው ቴርሞሜትር ያስፈለገው።

1. ቴርሞሜትሩን ከሳጥኑ ጎን፣ ሸረሪቷ ባለችበት ከፍታ ያስቀምጡ። ግድግዳ ላይ መስቀል የግድግዳውን እንጂ የሳጥኑን ሙቀት አያሳይም።
2. በተከታታይ ቢያንስ ለሦስት ሌሊት ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት ሲነጋ ወዲያው በደብተርዎ ያስፍሩ።
3. ውጤቱን እንዲህ ያንብቡ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውስጥ በደንብ ይበላሉ። ከ18 በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜው ለቀናት ከዘለቀ ብዙዎቹ ጨርሶ ያቆማሉ።

ሸረሪት የራሷን የሰውነት ሙቀት አታመነጭም። ምግቧንም የምትፈጨው የሚያሟሟ ፈሳሽ አፍስሳበት የቀለጠውን በመምጠጥ ስለሆነ፣ በቅዝቃዜ ይህ ሥራ እጅግ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ በብርድ አልበላም ማለቷ በሽታ ሳይሆን ራሷን መጠበቋ ነው። ብዙ ዝርያዎች የጥቂት ሰዓታት ቅዝቃዜን ይችላሉ፤ ችግሩ ቀኑም ሳይሞቅ ሲቀር ነው።

ደረጃ 6፦ ሳጥኑን በጥንቃቄ ያሙቁ

በመጀመሪያ ቦታውን ይለውጡ። ከውጭ ግድግዳ፣ ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቀው ሰዎች በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ በደረት ከፍታ ባለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። ከቆርቆሮው ሥር ከፍ አድርገው አይስቀሉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮትም አይሆንም፤ የተዘጋ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን በፀሐይ ውስጥ በደቂቃዎች ገዳይ ሙቀት ላይ ይደርሳል።

ይህ ካልበቃ ሳጥኑን በትልቁ ካርቶን ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን በፎም ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ ለአየር መግቢያ ክፍተት ይተዉ። ማታ ማታ በሁለት ሃይላንዶች ለብ ያለ፣ ለእጅ የማያቃጥል ውሃ ሞልተው በጨርቅ ይጠቅልሉና በሳጥኑና በካርቶኑ መካከል በአንድ ወገን ብቻ ያቁሟቸው። በአንድ ወገን የሚሆንበት ምክንያት ሸረሪቷ ሙቀቱ ከበዛባት ወደ ቀዝቃዛው ወገን እንድትሸሽ ነው። መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶችም ይህ ዘዴ ስለሚሠራ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይልቅ እርሱን አስቀድማለሁ።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ካለዎት ከሥር አያንጥፉት። ታራንቱላ ሙቀት ሲበዛባት የምታመልጠው ወደ ታች በመቆፈር ነው፤ ሙቀቱ ከታች ከመጣ እያመለጠች መስሏት ወደ ባሰው ትቀርባለች። በጎን ግድግዳ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ብቻ ይጠቀሙበት። የአምፖል ሙቀት አየሩንና አፈሩን ስለሚያደርቅ አልመክረውም።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ክፍሉን ለማሞቅ የከሰል ምድጃ አያስገቡ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 7፦ ሰላሟን የሚነሱትን ነገሮች ያስወግዱ

አዲስ የመጣች ወይም ሳጥኗ የተለወጠባት ታራንቱላ ለጥቂት ሳምንታት አለመብላቷ የተለመደ ነው። መሸሸጊያ ይስጧት፤ የተሰበረ ጀበና ወይም የድስት ገል ስለቱ ተፍቆ ግማሹ በአፈር ቢቀበር ጥሩ ዋሻ ይሆናል። አፈሩ ማዳበሪያም ሆነ የእርሻ መድኃኒት ያልነካው ይሁን፤ በአሮጌ ምጣድ ላይ በደንብ አሙቀው ካቀዘቀዙት ተባይ አይከተለውም። መሬት ላይ ለምትኖር ዝርያ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ከእግሯ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግድግዳ ወጥታ ስትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል።

እርጥበትን በተመለከተ ወቅቱን ይከተሉ። በክረምት ወራት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አፈሩ እንዳይሻግት ውሃ ማርከፍከፍ ይቁም፣ የአየር ቀዳዳዎቹም ክፍት ይሁኑ። በበጋ ግን ደረቁ አየር አፈሩን ቶሎ ስለሚያደርቀው የውሃ ማስቀመጫው አንድም ቀን ባዶ መዋል የለበትም። እንደ ቺሊ ሮዝ ያሉ የደረቅ አገር ዝርያዎች እርጥብ አፈርን ይጠላሉ፤ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ ወለሉን ላለመርገጥ የምትሞክር ከሆነ አፈሩ ረጥቦባት ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው በእኛ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ሸረሪት ነፍሳትን የሚገድል ነገር ሁሉ ይገድላታል። ፍሊት በሌላ ክፍል ቢነፋም እንኳ በአየር ይደርስባታል፤ ስለዚህ ቤቱ በሚነፋበት ዕለት ሳጥኑን አስቀድመው ወደ ሌላ ቤት ያውጡ፣ ክፍሉም በደንብ ሳይናፈስ አይመልሱት። ቡና ተቆልቶ ዕጣን የሚጤስበት ክፍልም ለእርሷ አይስማማም። ውሻዎን ወይም ላምዎን የመዥገር መድኃኒት ያጠቡበትን እጅ በሳሙና ደጋግመው ሳይታጠቡ ሳጥኑን አይክፈቱ። እግሮቿ ያለ ፋታ የሚንቀጠቀጡ፣ አካሄዷም የሚንገዳገድ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው መርዝ ነው፤ ወዲያውኑ ንጹሕ ሳጥንና አዲስ አፈር ወዳለበት ንጹሕ አየር ያዛውሯት፣ ውሃም ያቅርቡላት።

ደረጃ 8፦ ምግቡን በአግባቡ ያቅርቡ

እስከዚህ ድረስ የተዘረዘረው ሁሉ ተስተካክሎ፣ የቆዳ ለውጥ ምልክትም ከሌለ፣ አሁን ምግብ ይሞከራል።

1. የሚመግቧትን ነፍሳት ራስዎ ያርቡ። ከእርሻ ዳር የተያዘ ፌንጣ የተረጨበት ሊሆን ይችላል፤ ከወጥ ቤት የተያዘ በረሮም መርዝ በልቶ ይሆናል። ፌንጣዎችን በላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ባልዲ ውስጥ ፍሩሽካና ልጣጩ የተነሣ ካሮት እየሰጡ ማቆየት አስቸጋሪ አይደለም። ከገበያ የመጣ ጎመን የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።
2. መጠኑን ያሳንሱ። ለተለመደው ጊዜ ከሆዷ የማይበልጥ ነፍሳት ይሰጣል፤ ከጾም በኋላ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ይሁን። ትልቅና የሚዘል ነፍሳት የደከመችን ሸረሪት ያስበረግጋታል።
3. በምሽት፣ መብራት ካጠፉ በኋላ ያቅርቡ። ታራንቱላ በተፈጥሮዋ የሌሊት አዳኝ ናት።
4. በወረንጦ ይዘው ከመሸሸጊያዋ ደጃፍ ፊት ለፊት ያስቀምጡና ይራቁ። ፊቷ ላይ እያወዛወዙ አይነካኩዋት።
5. ለሕፃናትና ለደካሞች ነፍሳቱን ገድለው፣ ጭንቅላቱን ወይም ሆዱን ጨፍልቀው ያቅርቡ፤ የወጣው ፈሳሽ ይስባቸዋል። የዱቄት ትል የሚሰጡ ከሆነ ሁልጊዜ ጭንቅላቱ ይጨፍለቅ፤ ካልሆነ አፈር ውስጥ ይቀበርና ሌላ ቀን ይወጣባታል።
6. ካልበላች በማግሥቱ ጠዋት ያውጡት። ሕያው ፌንጣ ቆዳዋን በመለወጥ ላይ ያለችን ሸረሪት በልቶ ሊገድላት ይችላል፤ የሞተው ደግሞ ይሻግታል።
7. ለሚቀጥሉት ከሰባት እስከ 10 ቀናት ድጋሚ አይሞክሩ። ሕፃናት ከሆኑ ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል።

ከበላች በኋላ ታኝኮ የተጣለ ጥቁር ድብልብል ያገኛሉ፤ ሻጋታና ተባይ እንዳይስብ ያንሱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ምግቦች በሳምንት ልዩነት ትንሽ ትንሽ ሰጥተው ሆዷ ከፊት ክፍሏ ጋር ሲስተካከል ወደ ተለመደው ይመለሱ፤ ለአዋቂዋ በየ10 ወይም 14 ቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ወንድ እንደሆነ ያጣሩ

ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ የመጨረሻ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ለመብላት ያለው ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሴት ፍለጋ ይዞራል፤ ሆዱም እየቀጠነ ይሄዳል። ከአፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር እግሮች ጫፋቸው አብጦ የቦክስ ጓንት ይመስላል፤ በብዙ ዝርያዎችም በፊተኛው ጥንድ እግሩ ከሥር በኩል መንጠቆ ይበቅላል። ይህን ካዩ ሕክምና አይፈልጉለት፤ ከዚህ በኋላ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ከምናምን ነው። ውሃ፣ ጸጥታና ሲፈልግ ትንሽ ምግብ ይበቃዋል። ሴቶቹ በአንጻሩ እንደ ዝርያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ደረጃ 10፦ እውነተኛ ሕመምን ይለዩ

አፏ አካባቢ ነጭ፣ የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ መጥፎ ሽታም ከተሰማ ጥገኛ ትሎች ይዘዋት ሊሆን ይችላል፤ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ሌሎች ሸረሪቶች ካሉዎት ወረንጦና ውሃ ማስቀመጫ ሳያጋሩ ለይተው ያኑሯት። በመገጣጠሚያዎቿ ላይ ቅንቅን የሚመስሉ ተባዮች ከተርመሰመሱ ወደ ንጹሕና ደረቅ ሳጥን ያዛውሯት፤ ተባዮቹን በረጠበ ብሩሽ ያንሱ። ክራንቻዋ ከተሰበረ የተጨፈለቀ ምግብ ብቻ ይስጧት፤ በሚቀጥለው የቆዳ ለውጥ ይተካል። አሮጌ ቆዳ እግሯ ላይ ከተጣበቀ ለብ ያለ ውሃ በብሩሽ እያስነኩ ያለስልሱት እንጂ አይጎትቱት፤ እግሩ ቢጠፋ እንኳ በሚቀጥሉት ለውጦች ይበቅላል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

በየዕለቱ ምግብ እያቀረቡ «ዛሬስ?» ማለት ከሁሉ የበዛው ስሕተት ነው፤ ሸረሪቷ እረፍት አጥታ ጾሟ ይረዝማል። ሁለተኛው ውሃ ሳይቀርብ «ከምግቧ ታገኘዋለች» ብሎ መተው ነው፤ ያልበላች ሸረሪት ከምን ታገኘዋለች? ሕያው ነፍሳትን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ወደ ክፍለ ሀገር መሄድም ብዙ ሸረሪቶችን አስበልቷል፤ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከቤት የሚርቁ ከሆነ ውሃ ሞልተው ያለ ምግብ ቢተዉአት ይሻላል። ክዳኑን በወንፊት ሽቦ መሥራትም ይቅር፤ የእግሯ ጥፍር ተይዞ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ፕላስቲክ ይበልጣል።

የመጨረሻው የከብት መድኃኒትን ይመለከታል። በአካባቢዎ ያለው የእንስሳት ሐኪም ወይም የመድኃኒት ሻጭ በቅን ልብ አይቨርሜክቲን ወይም የመዥገር መድኃኒት «ጥቂት ጠብታ» ሊያዝልዎ ይችላል። እነዚህ የሚሠሩት መዥገርንና መሰል ተባዮችን ለመግደል ነው፤ ታራንቱላም የመዥገር የቅርብ ዘመድ ስለሆነች ጥቂቱም ይበቃታል፤ በምንም መጠን አይቀበሉ።